ጎሚኒና ሮንዴላ፤ ስለ መኪናችን ሾክ አብዞርበር ማወቅ የሚገባን



በዚህ እትም የምናቀርበው ትምህርት ከዚህ ቀደም ካቀረብናቸው የምንጭ ማጎልበት፣ የችግኝ ጣቢያና የሒሳብ አያያዝ ትምህርቶች የራቀ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሲሚንቶውም፣ ችግኙም፣ ባለሙያውም ወደ ሥራው ቦታ የሚደርሱት በመኪና ነው። መኪናው በቆመ ቀን ሥራው ይቆማል። ስለዚህ አንድ የመኪና ክፍል እንዴት እንደሚገጠምና ኮሚቴው እንዴት ሊቈጣጠረው እንደሚችል ማወቅ ለሁላችንም ይጠቅማል። ትምህርቱን የምንጀምረው በራሳችን ላይ በደረሰው ነው፤ ስሕተቱ የእኛም ስለ ሆነ ልንደብቀው አልወደድንም።

የደረሰብን ነገር

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የምንጭ ማጎልበት ሥራ ላይ የተሰማራ መኪና ነበረን። ሾፌራችን «ከፊት በስተግራ በኩል ይንኳኳል» ብለው በጽሑፍ አመለከቱ። ኮሚቴው ተስማማ፤ የሾክ አብዞርበር ጎሚኒ ተገዛ፤ አንድ ጋራዥ ገጠመው፤ ደረሰኙም ከፋይል ገባ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ድምፁ ተመለሰ። ሾፌሩ ዳግመኛ አመለከቱ። እኛ ግን «በቅርቡ ተሠርቷል፤ ደረሰኙም እነሆ» ብለን ጥያቄውን ለሚቀጥለው በጀት አሳደርነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን መኪናው የውኃ ቧንቧ ጭኖ ኮረኮንች ቁልቁለት ሲወርድ የሾክ አብዞርበሩ ዘንግ ከመያዣው ተነቅሎ ወጣ። በዚያ በኩል ያለው ጎማ በየጕድጓዱ እየዘለለ መሬቱን መያዝ ተሳነው፤ መኪናውም ከመታጠፊያው ወጥቶ ከመንገዱ ዳር ቦይ ገባ። በቸርነቱ የተጎዳ ሰው አልነበረም። መኪናው ግን ስድስት ሳምንት ቆመ። በመካከሉ ክረምት ገባ፤ መንገዱ ተዘጋ፤ የምንጩ ሥራም ለመስከረም ተላለፈ። በዚያ ክረምት የአካባቢው ሕዝብ እንደ ቀድሞው ከብት ከሚጠጣበት ውኃ ቀዳ።

መኪናው ሲፈታ ምክንያቱ ታየ። ጎሚኒው በእርግጥ አዲስ ነበር። ነገር ግን ከመያዣው በታች ሊኖር የሚገባው ሮንዴላ አልነበረም፤ ከላይ በትልቁ ሮንዴላ ፈንታ ለሌላ ሥራ የተሠራ ትንሽ ጠፍጣፋ ሮንዴላ ገብቶ ነበር። የሚይዘው ያጣው ጎሚኒ በቀዳዳው በኩል ተጨምቆ ወጣ፤ ብረት ከብረት ጋር ተገናኘ፤ ክብ የነበረው ቀዳዳ ተበልቶ እንደ ዕንቍላል ሞላላ ሆነ። ዕቃውን ገዝተናል፤ ገንዘቡን በትክክል መዝግበናል፤ አገጣጠሙን ግን ያየ ከመካከላችን አንድም አልነበረም። ሾፌሩ ሁለተኛ ጊዜ ሲናገሩም ከጆሯቸው ይልቅ ደረሰኛችንን አመንን።

ሾክ አብዞርበር ምን ይሠራል?

ብዙ ሰው የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ሾክ አብዞርበር ይመስለዋል። ክብደቱን የሚሸከመው ባሌስትራው ወይም ሞላው ነው። ባሌስትራና ሞላ ግን አንድ ጊዜ ከተጫኑ በኋላ ወዲያው አያርፉም፤ ደጋግመው ይወዛወዛሉ። ይህን ውዝዋዜ የሚያበርደው ሾክ አብዞርበሩ ነው። በውስጡ ያለው ዘይት መኪናው ከፍ ዝቅ ባለ ቍጥር በጠባብ ቀዳዳዎች በግድ ያልፋል፤ በዚህም የእንቅስቃሴው ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል። በኮረኮንች መንገድ ላይ ብዙ ከተነዳ በኋላ ሾክ አብዞርበሩ የሚግለው ስለዚህ ነው።

ሾክ አብዞርበሩ በአንድ ጫፉ ከሻንሲው፣ በሌላው ጫፉ ከአክስሉ ጋር ይታሰራል። አክስሉ በሚወዛወዝበት ጊዜ ሁለቱ ጫፎች አንዱ ከሌላው አንጻር ቀጥ ብለው አይቆዩም፤ ጥቂት ያዘነብላሉ። ብረቱ ከብረት ጋር ድርቅ ብሎ ቢታሰር ወይ ዘንጉ ይሰበራል፣ ወይ መያዣው ይቀደዳል። ጎሚኒው በመካከል ገብቶ ይህን ማዘንበል ይፈቅዳል፤ ምቱንም ያለዝባል። ሮንዴላው ደግሞ ጎሚኒውን በስፋቱ ይዞ ከቦታው እንዳይሸሽ ይጠብቀዋል። ስለዚህ አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም፤ ጎሚኒ ያለ ተገቢው ሮንዴላ ከተገጠመ በእኛ መኪና ላይ የሆነው ይሆናል።

ሁለቱ የጫፍ ዓይነቶች

የሾክ አብዞርበር ጫፍ በብዛት በሁለት መልክ ይሠራል፤ አገጣጠማቸውም ይለያያል።

አንደኛው ባለ ዘንግ ነው። ጫፉ እንደ ብሎን ጥርስ የወጣለት ቀጭን ዘንግ ሆኖ በመያዣው ቀዳዳ ያልፋል፤ ከመያዣው በታችና በላይ ጎሚኒና ሮንዴላ ይቀመጡና በዳዶ ይታሰራል።

ሁለተኛው ባለ ቀለበት ነው። በጫፉ ላይ ቀለበት አለ፤ ጎሚኒው በቀለበቱ ውስጥ ይቀመጣል፤ ብሎን ወይም ከሻንሲው የወጣ ዘንግ በመካከሉ ያልፋል።

ለምሳሌ በገጠራችን ለረጅም ዘመን የሚታወቀውን ላንድሮቨር እንውሰድ። እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ የተሠሩት ባለ ባሌስትራ ላንድሮቨሮች ሾክ አብዞርበራቸው በሁለቱም ጫፍ ባለ ቀለበት ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. በ110 ሞዴል የጀመረውና በኋላ ዲፌንደር የተባለው ባለ ሞላ መኪና ግን የፊት ሾክ አብዞርበሩ በላይም በታችም ባለ ዘንግ ነው፤ የኋላው ከላይ ባለ ቀለበት፣ ከታች ባለ ዘንግ ነው። ከዚህ የምንረዳው በአንድ መኪና ላይ እንኳ ሁለቱም ዓይነት ሊገኝ እንደሚችል ነው። ስለዚህ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት የራሳችሁን መኪና አራቱንም ማዕዘን ዝቅ ብላችሁ ተመልከቱ፤ የትኛው ጫፍ ምን ዓይነት እንደ ሆነ በወረቀት ላይ መዝግቡ።

ከመፈታቱ በፊት

1. መኪናው በደልዳላ ቦታ ይቁም፤ የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ ለጎማዎቹ ታኮ ይደረግ። በክሪክ ብቻ በተደገፈ መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ ከተነሣ ጠንካራ የብረት ድጋፍ ይደረግለት።

2. የአክስሉ ክብደት እንዲሁ ተንጠልጥሎ አይቅር። ባለ ሞላ በሆኑ መኪናዎች ሾክ አብዞርበሩ ሲፈታ አክስሉ ከልክ በላይ ወርዶ ሞላው ከመቀመጫው ሊወጣ፣ የፍሬን ቱቦም ሊወጠር ይችላል። መኪናው በጎማዎቹ ላይ እንደ ቆመ መፍታት ከተቻለ እጅግ መልካም ነው፤ ካልተቻለ አክስሉ ከሥሩ ይደገፍ።

3. የዛገ ዳዶ በጕልበት አይታገል። ጥርሱ በሽቦ ብሩሽ ይጽዳ፤ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ይደረግበትና ጊዜ ይሰጠው። ሾክ አብዞርበሩን ራሱን በእሳት ማሞቅ ወይም መቍረጥ ፈጽሞ አይገባም፤ በውስጡ ግፊት ያለው ጋዝ ሊኖር ይችላል።

4. እያንዳንዱ ዕቃ ሲወጣ በወጣበት ቅደም ተከተል በጨርቅ ላይ ይደርደር። ፎቶግራፍ ማንሣት ቢቻል የተሻለ ነው። ሮንዴላው ጎድጓዳ ከሆነ ጎድጓዳ ፊቱ ወደ የት እንደ ነበረ ይታይ። ነገር ግን የቀድሞው ገጣሚ ተሳስቶ ሊሆን ስለሚችል የመጨረሻው መመዘኛ ከመኪናው ወይም ከዕቃው ጋር የመጣው የፋብሪካ መመሪያ ነው።

ባለ ዘንጉን መግጠም

በመጀመሪያ የመያዣው ቀዳዳ ይመርመር። ክብነቱን አጥቶ ከሞላለ፣ ወይም በዙሪያው ስንጥቅ ከታየ፣ አዲስ ጎሚኒ አያድነውም፤ መያዣው አስቀድሞ ሊጠገን ይገባል። ዝገቱና ጭቃው ይጽዳ፤ ጎሚኒው በአሸዋ ላይ እንዳይቀመጥ።

ቅደም ተከተሉ ከሾክ አብዞርበሩ አካል ተነሥቶ ወደ ውጭ እንዲህ ነው፦ ሮንዴላ፣ ጎሚኒ፣ መያዣው፣ ጎሚኒ፣ ሮንዴላ፣ ዳዶ። ይህን አንድ መስመር በቃል መያዝ ይቻላል፤ መያዣው በመካከል ነው፤ በግራና በቀኙ ጎሚኒ አለ፤ ከጎሚኒዎቹ ውጭ ሮንዴላ አለ። ከስድስቱ አንዱ ቢጐድል ሥራው አልተፈጸመም።

ብዙዎቹ ጎሚኒዎች በአንድ ወገናቸው ትንሽ አንገት አላቸው። አንገቱ ወደ መያዣው ዞሮ በቀዳዳው ውስጥ መግባት አለበት፤ ዘንጉን ከቀዳዳው ጠርዝ የሚያርቀው እርሱ ነውና። ተገልብጦ ከተገጠመ ጎሚኒው ከውጭ ሲታይ ደኅና ይመስላል፤ በውስጥ ግን ዘንጉ ቀዳዳውን ይበላል።

ጎድጓዳ ሮንዴላ በብዙ መኪናዎች ላይ ጎድጓዳ ፊቱ ወደ ጎሚኒው ዞሮ ጎሚኒውን አቅፎ ይይዛል። ይሁንና ጠርዙ ጎሚኒውን እንዳይቈርጥ በማሰብ በተቃራኒው እንዲገጠም የሚያዝዙ አምራቾችም አሉ። ስለዚህ በልማድ ከመሄድ ይልቅ መመሪያውን ማየት ይገባል። በላይና በታች ያሉት ሮንዴላዎች በስፋታቸው ወይም በቀዳዳቸው የሚለያዩ ከሆነም ቦታቸው አይለዋወጥ። ለሾክ አብዞርበር የተሠራው ሮንዴላ ከጠፋ ከሳጥን ውስጥ የተገኘ ማንኛውም ሮንዴላ አይተካውም፤ ስፋቱ የጎሚኒውን ፊት መሸፈን፣ ውፍረቱም ሳይታጠፍ መሸከም አለበት።

ማጥበቁን በተመለከተ መመሪያው የጥብቀት መጠን ከሰጠ፣ መጠኑን በሚለካ መፍቻ ይጠበቅ። ዘንጉ ጥርሱ በሚያልቅበት ቦታ ላይ ትከሻ ካለው ዳዶው እስከ ትከሻው ይደርሳል። ይህ ሁሉ በሌለበት ጎሚኒው ተጨምቆ የሮንዴላውን ስፋት ያህል ሲሆን ማቆም የቈየ የመካኒኮች ልማድ ነው። ከሮንዴላው ጠርዝ አልፎ ካበጠ ከልክ በላይ ጠብቋል፤ እንዲህ ያለው ጎሚኒ ቶሎ ይሰነጠቃል። ሮንዴላው በእጅ የሚዞር ከሆነ ደግሞ ገና ልል ነው። በሚጠበቅበት ጊዜ ዘንጉ አብሮ እንዳይዞር በጫፉ ላይ ባለው መያዣ ይያዝ፤ የሚያብረቀርቀውን የውስጥ ዘንግ በጕጠት መያዝ ግን ዘንጉን ይቧጭረዋል፤ የተቧጨረ ዘንግም ዘይት ማፍሰስ ይጀምራል።

ውስጡ የፕላስቲክ ቀለበት ያለው፣ ራሱን የሚቈልፍ ዳዶ ከሆነ አንድ ጊዜ ከተፈታ በአዲስ ይተካ። ሁለት ዳዶ ያለው ከሆነ የታችኛው በልኩ ከጠበቀ በኋላ በመፍቻ ተይዞ የላይኛው በላዩ ይቈለፍ።

ባለ ቀለበቱን መግጠም

አሮጌው ጎሚኒ ከቀለበቱ ይወጣል፤ የቀለበቱ ውስጥ ይጸዳል። አዲሱ ጎሚኒ እንዲገባ ግሪስ ወይም የሞተር ዘይት መቀባት የተለመደ ስሕተት ነው፤ እነዚህ የተፈጥሮ ጎማን ያሳብጣሉ፣ ያበሰብሳሉም። የሳሙና ውኃ ይበቃል። ከዚያም ሮንዴላዎቹ በጎሚኒው ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ፤ ብሎኑ ወይም ዳዶው በመጀመሪያ በእጅ ያህል ብቻ ይጠበቃል።

የመጨረሻው ማጥበቅ የሚደረገው መኪናው በጎማዎቹ ላይ በቆመ ጊዜ ነው። ምክንያቱም ጎሚኒው ከብረቱ ጋር ተጣብቆ በመጠምዘዝ የሚሠራ ነው። አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ፣ መኪናው ወደ መሬት ሲወርድ ጎሚኒው ገና ሳይነዳ ተጠምዝዞ ይቀራል፤ በእያንዳንዱ ጕድጓድም ከዐቅሙ በላይ እየተጠመዘዘ በጥቂት ጊዜ ይቀደዳል። «አዲስ ገጠምን፤ ወዲያው ተበላሸ» የሚባለው አቤቱታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

ሾክ አብዞርበሩ ራሱ የሚለወጥ ከሆነ በአንድ አክስል ላይ ያሉት ሁለቱ አብረው ይለወጡ። አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ሲሆን መኪናው በፍሬንና በመታጠፊያ ላይ ሚዛኑ ይዛባል።

ከተገጠመ በኋላ

መኪናው በቅርብ መንገድ ተነድቶ ይደመጥ። ከመጀመሪያው ረጅም ጉዞ በኋላ ዳዶዎቹ ዳግመኛ ይታዩ፤ አዲስ ጎሚኒ በቦታው ሲያርፍ ጥቂት ሊላላ ይችላልና። ከዚያ በኋላ ሾፌሩ በየሳምንቱ፣ የኮሚቴው ተወካይም በየወሩ የሚከተለውን ይመልከቱ፦

- ጎሚኒው ተሰንጥቋል፣ ተጨፍልቋል ወይም ጐድሏልን?
- ሮንዴላዎቹ ሁሉ በቦታቸው ናቸውን? የታጠፈ አለን?
- በመያዣው ዙሪያ ብረት ከብረት የተፋተገበት የሚያብረቀርቅ ቦታ ወይም ቀይ የዝገት ዱቄት ይታያልን?
- በሾክ አብዞርበሩ አካል ላይ አቧራ የያዘ የዘይት ፍሳሽ አለን?
- የጎማው ፊት በየቦታው ጎርበጥባጣ ሆኖ ተበልቷልን?

አንድ ተጨማሪ ዘዴ አለ። መኪናው ከኮረኮንች መንገድ እንደ ተመለሰ፣ እጅ እንዳያቃጥል ተጠንቅቆ አራቱም ሾክ አብዞርበሮች ይነኩ። ሦስቱ ሞቀው አንዱ ከቀዘቀዘ፣ የቀዘቀዘው ሥራውን እየሠራ ላይሆን ይችላል፤ ይመርመር።

የኮሚቴው ድርሻ

ካህንም ሆነ የሰበካ ጉባኤ አባል መካኒክ እንዲሆን አይጠበቅበትም። ነገር ግን ስድስት ዕቃ መቍጠር የማይችል የለም። በእኛ ላይ ለደረሰው ጥፋት የጐደለው ዕውቀት ብቻ አልነበረም፤ የሚያይና የሚጠይቅ ሰውም ጐድሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሥራችን ላይ ሦስት ነገሮችን ለውጠናል፤ ለእናንተም ይጠቅማሉ ብለን እናምናለን።

አንደኛ፣ ጎሚኒ ሲገዛ ሮንዴላውና ዳዶው አብረው እንዲገዙ በግዢ ጥያቄው ላይ በዝርዝር ይጻፋል። «ጎሚኒ 4» ብሎ መጻፍ አይበቃም።

ሁለተኛ፣ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ሾፌሩና አንድ የኮሚቴ አባል ሥራውን ከመኪናው ሥር ያያሉ፤ አሮጌው ዕቃም ተመልሶ ይታያል። በርእሱ «ታይቷል» ተብሎ ሁለቱም ይፈርማሉ። ደረሰኝ ገንዘቡ መከፈሉን ያሳያል፤ ሮንዴላው መኖሩን አያሳይም።

ሦስተኛ፣ ሾፌሩ ድምፅ መስማታቸውን የሚመዘግቡበት ደብተር አለ፤ ለእያንዳንዱ መዝገብም በቀናት ውስጥ መልስ ይሰጣል። አንድ ጊዜ የተሠራ ነገር ዳግመኛ ሲጮኽ ከመጀመሪያው ይልቅ ፈጥኖ ሊታይ ይገባል፤ አገጣጠሙ ስሕተት እንደ ነበረበት የሚናገር ምልክት ነውና። ያ መኪና በቦይ ውስጥ ከመቆሙ በፊት ሁለት ጊዜ ተናግሮ ነበር፤ ሾፌሩም ሁለት ጊዜ ነግረውናል።

ምንጩ በተከታዩ ዓመት ተጠናቅቆ ሕዝቡ ንጹሕ ውኃ አግኝቷል። ያለፈውን ክረምት ግን መመለስ አይቻልም። መኪናው ምእመናን በዐሥራታቸው፣ ረጂዎችም በልግስናቸው የሰጡን አደራ ነው፤ አደራውም የሚጠበቀው እንዲህ ባሉ ትንንሽ ዕቃዎች ጭምር ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የእኛ መኪና ሾክ አብዞርበሮች በየጫፋቸው ባለ ዘንግ ናቸው ወይስ ባለ ቀለበት? ከመካከላችን ዝቅ ብሎ ያየ ማን ነው?

2. ባለ ዘንጉን ለመግጠም የሚያስፈልገው ቅደም ተከተል እንዴት ነው? ከሮንዴላዎቹ አንዱ ቢጐድል ምን ይሆናል?

3. ባለ ቀለበቱ የመጨረሻ ማጥበቁ መኪናው በጎማዎቹ ላይ ሳለ የሚደረገው ለምንድን ነው?

4. ሾፌራችን ችግር ሲያመለክቱ ጥያቄው ስንት ቀን ይቈያል? መልስ ሳያገኝ የቀረ አለን?

5. ባለፈው ዓመት ከከፈልንባቸው ጥገናዎች መካከል ሥራውን በዐይናችን ያየነው የትኛውን ነው?